አጥርን ከእግሩ ማየት

አንድ የተክል አጥር ምን ያህል እንደተደከመበት ማወቅ የፈለገ ሰው ጎንበስ ይበል። ከላይ የተስተካከለ አጥር በአዲስ አበባ ሞልቷል፤ መቀስ የጨበጠ ሁሉ ጫፍ ያስተካክላል። ቁም ነገሩ ከጉልበት በታች ነው። ቅጠሉ እስከ አፈሩ ወርዶ፣ የጎረቤት ዶሮ አንገቷን ማስገቢያ አጥታ የምትመለስ ከሆነ ሠሪው ባለሙያ ነው። ከላይ ለምልሞ ከታች ግንዱ ራቁቱን የቀረ አጥር ግን ዘንድሮ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ። የተበላሸው በተተከለ በሁለተኛው ዓመት፣ ባለቤቱ «ገና ትንሽ ነው፣ ትንሽ ይደግ» ብሎ በተወው ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊ ኮት ሲያይ ገልብጦ ስፌቱን እንደሚፈትሽ ሁሉ፣ አጥር የሚያውቅ ሰውም ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እግሩ ላይ ነው።

በዚህ ሚዛን ከከተማችን አጥሮች ሁሉ የማደላው ለኮሽም ነው። ግንብና ቆርቆሮ ሳይበዛ በተሠሩ የድሮ ቪላ ግቢዎች ዳር እስከ ዛሬ የቆሙ የኮሽም አጥሮች አሉ። ከሩቅ ሲታይ ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ ጠጋ ሲሉት ሌላ ነገር ይሆናል። ቅጠሉ ትንሽ፣ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ከእሾሁ ሥር በእቅፍ በእቅፉ ሆኖ ይወጣል። እሾሁ ቀጥ ያለ፣ አንዳንዱ የጣት ቁመት ያለው ነው። መቀስ አንዱን ቀንበጥ በቆረጠ ቁጥር ከሥሩ ሁለት ሦስት ይተካሉ፤ እነሱም የየራሳቸውን እሾህ ይዘው ይወጣሉ። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም የአጥሩ ፊት እጅ ቀርቶ ጣት የማያስገባ ይሆናል። በደንብ የተያዘ የኮሽም አጥር ላይ መዳፍን በቀስታ ቢያሳርፉት እሾሁ አይወጋም፤ ከቅጠሉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ተቀምጧል። ገፋ ማድረግ የጀመሩ ለት ግን ያኔ ይታወቃል።

ሁለት ዓይነት ኮሽም አለ። አንደኛው በደጋና በወይና ደጋ ደናችን ውስጥ በቅሎ የሚገኘው የአገሩ ኮሽም ነው። ሁለተኛው፣ በከተማ አጥር ላይ የምናየው፣ ከደቡባዊ አፍሪካ የመጣው ዘመዱ ነው፤ ፈረንጆች በደቡብ አፍሪካው የኬይ ወንዝ ስም ይጠሩታል። ፍሬው ቢጫ፣ ቆዳው ለስላሳ፣ ጣዕሙ ፊት የሚያጨማድድ ነው፤ ማርማላታ ሲሆን ግን ያ ኮምጣጣነቱ ይፈለጋል። ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ተክሎች ስለሆኑ ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። ፍሬ ለመልቀም ብሎ አንድ ዛፍ ብቻ የተከለ ሰው ከዓመታት ጥበቃ በኋላ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። ለአጥር ብሎ ሃምሳ የተከለ ግን ሁለቱንም ማግኘቱ አይቀርም።

ኮሽም እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እሾሁ ለጠላት ብቻ ሳይሆን ለሚቆርጠውም ነው። ወፍራም የቆዳ ጓንት ያስፈልገዋል፤ የተቆረጠው ቅርንጫፍም ያን ዕለት ካልተጠረገ ወይ የልጅ እግር ወይ የመኪና ጎማ ያገኘዋል። አስተዳደጉም ቶሎ ቶሎ አይደለም። ብዙ ሰው ጥሎት ወደ ፈረንጅ ጥድ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

የፈረንጅ ጥድ የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ርካሽ ነው፣ ችግኙ በየችግኝ ጣቢያው ይገኛል፣ ይሮጣል። በሦስት በአራት ዓመት ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አረንጓዴ መጋረጃ ይሰጣል፤ ቅጠሉ ሲነካ የሚወጣው ሽታም ደስ ይላል። ይሁን እንጂ ይቅር የማይል ተክል ነው። ኮሽምን እስከ ጉቶው ብትቆርጡት እንደገና ያቆጠቁጣል። ጥድን ግን አረንጓዴውን አልፋችሁ ቡናማው ክፍል ድረስ ከገባችሁ፣ ያ ቦታ ዳግመኛ ቅጠል አያወጣም። በየመንገዱ ዳር በጥድ አጥር መካከል የምናያቸው የደረቁ መስኮቶች አብዛኞቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው፤ ለሁለት ዓመት ተረስቶ ወደ መንገዱ ገፍቶ የወጣን አጥር አንድ ቀን ገጀራ ይዞ «ላስገባህ» ያለ ሰው ሥራ ናቸው። (በብዙ ግቢ ዘበኛውና አትክልተኛው አንድ ሰው መሆናቸውን አንርሳ። ሌሊት ሲጠብቅ ያደረን ሰው ቀን በመቀስ ጥበብ መመዘን ግፍ ነው።)

ስለዚህ ጥሩ የጥድ አጥር ሳይ አደንቃለሁ፤ የማደንቀው ግን ተክሉን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ጥድን አጥር አድርጎ ሃያ ዓመት ያቆየ ሰው በየዓመቱ በጊዜው፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ከአዲሱ ቡቃያ ሳያልፍ ቆርጧል ማለት ነው። አንድ ዓመት ቢዘል ይታይ ነበር። ጎኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ይከረክመዋል፤ የመሐሉን ጫፍ ግን የሚፈልገው ቁመት ላይ እስኪደርስ ይተወዋል። ቅጠለ ሰፊዎቹን ተክሎች ግን በተቃራኒው ነው የሚይዛቸው።

ኮሽም፣ ሰንሰል፣ ዱራንታና የመሳሰሉት ጉልበት ላይ ሲደርሱ ሲሶ ያህል ከላይ ይቆረጣሉ። ለአዲስ ተካይ ይህን ማድረግ ልብ ይጠይቃል፤ ስንት ውኃ ጠጥቶ ያደገ ችግኝ ተመልሶ አጭር ሲሆን ያሳዝናል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የጫፏ እምቡጥ ወደ ታች በምትልከው ንጥረ ነገር የጎኖቹን እምቡጦች ታስተኛቸዋለች። እሷ ስትነሳ እነሱ ይነቃሉ፣ ወደ ጎን ይዘረጋሉ። እግር የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ተክሉ የሰው ቁመት ካከለ በኋላ ጫፉ ሲቆረጥም ቅርንጫፍ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን እዚያው ላይኛው ክፍል ነው። እታች ያረጀው ግንድ እንደ ራቁቱ ይቀራል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ለአጥርም ይሠራል።

ሁለተኛው የእግር ምስጢር ቅርጹ ነው። ባለሙያ አጥሩን ቀጥ አድርጎ አያቆመውም፤ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያደርገዋል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው አይታወቅም፤ ከአጥሩ ጫፍ ዳር ቆሞ በቁመቱ የተመለከተው ብቻ ያየዋል። ከላይ የሰፋ አጥር የራሱን እግር ጥላ ያለብሰዋል፤ ብርሃን ያጣ ቅጠል ደግሞ ይረግፋል። እኛ አገር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትቆም ነገሩ ከሌላው ይብሳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ አጥር ካላችሁ፣ የሰሜኑ ፊት የእኩለ ቀን ፀሐይ የሚያገኘው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ባለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴን ደመናው ይወስድበታል። በዚያ ፊት ላይ የሚሳሳውን ቅጠል ብዙ ሰው የአፈር ወይም የበሽታ ችግር ያደርገዋል። የሚያስተውል ቆራጭ ግን የሰሜኑን ፊት ከደቡቡ ይበልጥ ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል፤ ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን እታች ድረስ እንዲደርስ ነው።

የሚቆርጥን ሰው ቆሞ ማየት ደስ ይለኛል፤ ሙያውን የያዘ ከሆነ ከመቀሱ በፊት ሲባጎውን ነው የሚያወጣው። በሁለት ችካል መካከል ወጥሮ፣ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ተመልሶ ያስተካክላል። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይቆርጣል፤ ከላይ የጀመረ ሰው የቆረጠው ፍርፋሪ ያልቆረጠው ላይ እየወደቀ መስመሩን ይሸፍንበታል። በየጥቂት እርምጃው ወደ ኋላ ይመለሳል። መቀሱን በየመሐሉ በሞረድ ያስነካዋል። የመቀስን ስለት ለማወቅ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ቅጠሉን ማየት ይበቃል፤ ስለታም መቀስ የቆረጠው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፣ ደነዝ መቀስ ያኘከው ጠርዙ ቡናማ ይሆናል። ከሩቅ አጥሩ በሙሉ የተለበለበ ይመስላል።

የባላገሩ አጥር ደግሞ በሌላ ጥበብ የተሠራ ነው፤ ከከተማው ያነሰ መስሎ የሚታየው ለማያውቀው ብቻ ነው። ሰንሰልን ውሰዱ። በክረምት መግቢያ ቅርንጫፉን በክንድ ቁመት ቆርጦ መሬት ላይ መሰካት ነው፤ ሥር ይሰድዳል። ከብት አይበላውም፣ ስለዚህ አጥሩን የሚጠብቅለት እረኛ አያስፈልገውም። ነጭ አበባውን ንብ ትወደዋለች። ባለሙያው ገበሬ ግን ሰክቶ አይተወውም። መጀመሪያ በደረቅ እንጨት አጥሩን ያጥራል፤ ሰንሰሉን ከዚያ ሥር በስንዝር በስንዝር ይደረድራል፤ ያደገውን ቅርንጫፍ ወደ ጎን አጋድሞ ከማገሩ ጋር በልጥ ያስረዋል። የተጋደመ ቅርንጫፍ በቁመቱ ሙሉ ወደ ላይ ቡቃያ ያወጣል፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ግን ከጫፉ ብቻ ነው የሚያወጣው። ምስጥና ዝናብ ደረቁን እንጨት በልተው በጨረሱ ጊዜ ሕያው አጥሩ ቦታውን ወስዶ ይገኛል። ሁለት አጥር፣ አንዱ ለአሁን፣ አንዱ ለኋላ፣ በአንድ ቦይ ውስጥ። ከዚህ የተሻለ የአጥር ዕቅድ በየትኛውም የአትክልት መጽሐፍ አላየሁም።

በሰንሰሉ መካከል ወፍ የዘራው ይገባበታል። ቀጋ ይመጣል፤ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ የራሱ የሆነው የጽጌረዳ ዘር እሱ ነው። ነጭ አበባው መልካም መዓዛ አለው፤ ፍሬው ሲቀላ ልጆች ይለቅሙታል። አጋም ይመጣል፤ አበባው ሽቱ፣ ፍሬው ሲበስል ጥቁርና ጣፋጭ፣ እሾሁ ጠንካራ። ቀንጠፋ ከመጣ ደግሞ ጉዳዩ ከበድ ይላል። እሾሁ ወደ ኋላ የተቆለመመ ስለሆነ የገባበትን ልብስ አይለቅም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ንጉሡ ለጉዞ ሲነሳ በሚያልፍበት ያለው ቀንጠፋ ሁሉ እንዲቆረጥ አዋጅ ይነገር እንደነበር ጽፏል። የንጉሥን ካባ የሚይዝ ተክል ሌባን እንዴት እንደሚይዝ አስቡት። ጎበዝ አጣሪ ግን ቀንጠፋን ከመተላለፊያ ያርቀዋል፤ ቦታው የግቢው ጀርባ ነው።

እንዲህ የተቀላቀለ አጥር ንጹሕ መስመር አይኖረውም። እኔ ግን ከጥድ ግድግዳ አስበልጠዋለሁ፤ ምክንያቴም ከውበት የዘለለ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ አጥር አንድ ዓይነት ጠላት ሲመጣ አብሮ ያልቃል። የጥድ ክሽክሽ የተባለው ተባይ በአህጉራችን እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወደ ኬንያ፣ ቆይቶም ወደ እኛ ደረሰ። ጭማቂውን እየመጠጠ ጥዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ያደርቀዋል፤ አጥር ላይ ሲሆን ቅርንጫፉ ተቀራራቢ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አይቸገርም። በትግራይም የበለስ አጥር ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። በለስ እዚያ አጥርም የክረምት ምግብም ነው። ለቀለም ይሆናል ተብሎ የገባው ኮቺኒል የተባለ ተባይ ግን ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ በለሱን ወረረው።

መምረጥ ላይ ለደረሰ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ከፍታው ነው። በሚወርጭበት ደጋ፣ ደብረ ብርሃንን በመሰለ ቦታ፣ ቡገንቪሊያ ተክሎ በየታኅሣሡ መቃጠሉን ማየት ትርፉ ድካም ነው፤ እዚያ የሐበሻ ጥድና ቀጋ አሉ። የሐበሻ ጥድ ዝግተኛ ነው፣ ግን የአገሩ ልጅ ነው፤ እንጨቱን ምስጥ ስለማይደፍረው አያቶቻችን የአጥር ቋሚ ያደርጉት ነበር። በደረቅ ቆላ ቅንጭብ ይሻላል። ቅጠል የሌለው አረንጓዴ ጣት ብቻ ነው፤ የተቆረጠውን ቁራጭ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ሥር አሳድሮ መትከል ይበቃል። ነገር ግን ወተቱ ዓይን ከገባ ለጊዜው ማየት እስከ መከልከል ይደርሳል። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ አልመክረውም።

የማይተከልም አለ። የወፍ ቆሎ አበባው ቀለመ ብዙ ስለሆነ ያታልላል፤ ፍሬውን ወፍ በትኖት የግጦሽ መሬት ይወርራል፣ ለከብትም መርዝ ነው። በአፋር ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ ዛፍ ያደረገውን ያየ ሰው ደግሞ «ቶሎ ያድጋል፣ ውኃ አይፈልግም» የሚለውን የችግኝ ሻጭ ማሞገሻ ሲሰማ ሊጠራጠር ይገባል።

በከተማ ብዙዎቻችን አዲስ አጥር የምንተክል ሳይሆን ያለውን ቆርቆሮ ወይም ሽቦ የምንሸፍን ነን። በኮሪደር ልማቱም በዋና መንገዶች ዳር ግንብ አጥር በሚያሳይ የብረት አጥር ሲተካ እያየን ነው፤ ከኋላው የሚተከለው ነገር ከበፊቱ ይበልጥ ዓይን ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ለሽቦና ለብረት ሐረግ ይስማማዋል። ፓሽን ፍሩት ቶሎ ይሸፍናል፣ ይበላል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ያረጃል። ቡገንቪሊያ ይቆያል። አበባው የምንለው ቀዩ ወይም ሐምራዊው ወረቀት መሰል ነገር በእውነቱ ቅጠል ነው፤ አበባው በመሐሉ ያለችው ትንሽ ነጭ ቱቦ ናት። ውኃ ሲበዛለት ቅጠል ያበዛል፣ ትንሽ ሲጠማ ያብባል። ግን እሱም እግሩ ይራቆታል፤ ስለዚህ ከሥሩ አጠር ያለ ሌላ ነገር ካልተተከለ ሥራው ግማሽ ነው።

ቆርቆሮ ላይ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው። ችግኙን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው ይተክሉታል። ቆርቆሮው በበጋ ሙቀቱን መልሶ ይተፋበታል፤ ቅጠሉ በጀርባው በኩል ይጠበሳል። በዚያ ላይ ከኋላ ገብቶ የሚቆርጥ ሰው መቆሚያ የለውም። ያልተቆረጠ ጀርባ ደግሞ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ወደ ጎረቤት ይገፋዋል፤ ነገሩ ቀበሌ ሲደርስ ጥፋተኛው ተክሉ ነው ይባላል። ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል ክፍተት መተው ይህን ሁሉ ያስቀራል። የጋራ አጥር ከሆነም ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ የእሱን ፊት ማን ይቆርጠዋል? ተክል ከቆርቆሮ የሚሻልበት አንዱ ነገር ዓይን እየከለከለ ድምፅ አለመከልከሉ ነው፤ «ቡና ደርሷል፣ ኑ!» የሚለው ጥሪ በኮሽሙ ውስጥ አልፎ ይሰማል።

ዘንድሮ የምትተክሉ ሰዎች ሰኔን አታሳልፉት። ጉድጓድ በጉድጓድ ከመቆፈር አንድ ረጅም ቦይ ቆፍሩ፣ ብስባሽ ቀላቅሉበት። ችግኙ የመጣበትን ላስቲክ ቀድዳችሁ ጣሉ፤ ሥሩ ተጠምጥሞ ከሆነ በቢላ ጎኑን ሰንጥቁት፣ አለዚያ ተጠምጥሞ እንደቀረ ይኖራል። በሁለት ረድፍ አንዱን ከሌላው ክፍተት ፊት ለፊት አድርጋችሁ ትከሉ፤ ለኮሽም በረድፉ ውስጥ ሁለት ክንድ ያህል ይበቃዋል። ሦስት አራት ዓይነት ቀላቅሉ። ጉልበት ላይ ሲደርስ ደግሞ ባያሳዝናችሁ ይሻላል፤ ቁረጡት።